ቬንትሌተር ላይ ያለ ሰው የልብ ምት ተለዋዋጭነት፦ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ነርቩ ነው ወይስ ስለ ትንፋሹ?

ጥያቄ፦ በፅኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ የአንስቴዥያ ባለሙያ ነኝ። ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያሉ የ52 ዓመት ሰው አሉን። በቮልዩም ኮንትሮል (ማሽኑ የተወሰነ አየር በሚገፋበት ሞድ)፣ ታይዳል ቮልዩም (የአንድ ትንፋሽ መጠን) 450 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 12 ትንፋሽ፣ ፒፕ (ትንፋሽ ሲያልቅ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው ግፊት) 5 ላይ ነበሩ። በደም ጋዝ ምርመራ ካርቦን ዳይኦክሳይዳቸው 28 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስለሆነ ትንፋሹን ወደ 8 ዝቅ አደረግነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የልብ ምት ተለዋዋጭነትን (ኤችአርቪ) የሚያሰላው ፕሮግራማችን ኤልኤፍ ለኤችኤፍ ሬሾው (ዝግ ያለው የልብ ምት ሞገድ ኃይል ለፈጣኑ ሲካፈል) ከ0.7 ወደ 4.1 መውጣቱን፣ አርኤምኤስኤስዲ (ከምት ወደ ምት ያለው ለውጥ መለኪያ) ደግሞ ከ14 ወደ 11 ሚሊሰከንድ መውረዱን አሳየ። የልብ ምታቸው 75 ነው፤ የደም ግፊታቸውም አልተለወጠም። ሲምፓቴቲኩ (በጭንቀት ጊዜ ልብን የሚያፈጥነው ነርቭ) ተነሥቷል ብለን ፕሮፖፎል (ማስተኛ መድኃኒት) እንጨምር? ለመሆኑስ ቬንትሌተር ላይ ያለ ሰው ኤችአርቪ ይታመናል?

መልስ፦

በዚህ ቁጥር ብቻ ተመርተው ፕሮፖፎል አይጨምሩ። ሬሾው የዘለለው ሕመምተኛው ስለተጨነቁ ሳይሆን ትንፋሹ ከአንዱ የድግግሞሽ ክልል ወደ ሌላው ስለተዛወረ ነው። አርኤምኤስኤስዲ የወረደውም በዚያው ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱንም በስሌት ማሳየት ስለሚቻል ከዚያው እንጀምር።

ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚከተሉት የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበርና የሰሜን አሜሪካው የፔሲንግና ኤሌክትሮፊዚዮሎጂ ማኅበር በ1996 በጋራ ያወጡትን መለኪያ ነው። በዚያ መሠረት ኤልኤፍ ከ0.04 እስከ 0.15 ኸርዝ፣ ኤችኤፍ ደግሞ ከ0.15 እስከ 0.4 ኸርዝ ነው። ኸርዙን በ60 ሲያባዙት በደቂቃ ስንት ትንፋሽ እንደሆነ ያገኛሉ፤ ስለዚህ ኤችኤፍ ማለት በደቂቃ ከ9 እስከ 24 ትንፋሽ ማለት ነው። ድንበሩ የተሰመረው ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሲተነፍስ እዚያ መካከል ይውላል ተብሎ ነው። 12 ትንፋሽ 0.2 ኸርዝ ስለሆነ ኤችኤፍ ውስጥ ነው። 8 ትንፋሽ ግን 0.133 ኸርዝ ነው፤ ኤልኤፍ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ በልብ ምት ላይ የሚያሳርፈው ሞገድ ያው ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ ከኤችኤፍ ቀንሶ ኤልኤፍ ላይ ደመረው። ከታች ያለው ቁጥር ሲቀንስና ያው መጠን ወደ ላይ ሲጨመር ሬሾው ብዙ እጥፍ መዝለሉ አያስገርምም።

ከዚያ የተረፈው ኤችኤፍ ራሱ ንጹሕ አይደለም። ቬንትሌተር አየር የሚገፋው በለስላሳ ሞገድ ሳይሆን ፈጥኖ ሞልቶ፣ ለቅቆ፣ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ በመጠበቅ ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ በዋናው ድግግሞሽ ብቻ አይታይም፤ በእጥፉና በሦስት እጥፉም ትንንሽ ጫፎች ያወጣል። በ8 ትንፋሽ እጥፉ 0.267፣ ሦስት እጥፉ 0.4 ኸርዝ ነው። ሁለቱም ኤችኤፍ ክልል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ከለውጡ በኋላ «የቬገስ ነርቭ (ልብን የሚያዘገየው ነርቭ) ሥራ» ተብሎ የተነበበው ቁጥር በከፊል የማሽኑ ማስተጋቢያ ሊሆን ይችላል። የስፔክትረሙን ሥዕል (ሞገዶቹን በድግግሞሻቸው ለይቶ የሚያሳየውን) ከፍተው ቢያዩት በ0.133 ላይ እንደ መርፌ ቀጭን የሆነ ረጅም ጫፍ፣ በእጥፉ ላይ ደግሞ አጠር ያለ ሌላ ጫፍ ያገኛሉ ብዬ እጠብቃለሁ። የጫፉ ቅጥነት ጥሩ ምልክት ነው፤ በራሱ የሚተነፍስ ሰው ትንፋሹ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ጫፉ ሰፋ ይላል፣ በማሽን የሚተነፍስ ግን በሰዓት የተገጠመ ነው።

አርኤምኤስኤስዲን «ከትንፋሽ ነጻ ነው» የሚሉ አሉ፤ አይደለም። አርኤምኤስኤስዲ የሚለካው ተከታትለው በመጡ ሁለት የምት ርቀቶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሞገዱ ዝግ ሲል ከአንዱ ምት ወደ ቀጣዩ ያለው እርምጃ ያጥራል፣ የሞገዱ ቁመት ባይለወጥም። በ75 ምት አማካይ የአር-አር ርቀት (ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ) 800 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ ርቀት፣ ቁመቱ እኩል የሆነ ሞገድ ከ12 ወደ 8 ትንፋሽ ሲወርድ አርኤምኤስኤስዲው ከነበረው ወደ 68 በመቶው ዝቅ ይላል። ያ ማለት 14 የነበረው ምንም ነገር ሳይለወጥ ወደ 9.6 መውረድ ነበረበት። የእርስዎ 11 ነው። እንግዲያው የሞገዱ ቁመት አልቀነሰም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ሳይጨምር አልቀረም። ይህም የሚጠበቅ ነው፦ ትንፋሽ ዝግ ባለ ቁጥር ልብ ሞገዱን ተከትሎ ለመውጣትና ለመውረድ ጊዜ ያገኛል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምርም በትንፋሽ ምክንያት የሚመጣው የልብ ምት መወዛወዝ ይሰፋል። ትንፋሹን በአንድ ሦስተኛ ስለቀነሱት 28 የነበረው ወደ 42 አካባቢ ይጠጋል ተብሎ ይገመታል፤ ለማረጋገጥ የደም ጋዙን ይድገሙ።

አሁን ወደ ሥረ ነገሩ እንግባ፤ ማሽኑ ልብን የሚነካበት መንገድ ሰው በራሱ ሲተነፍስ ካለው የተለየ ነውና።

በራሱ በሚተነፍስ ሰው አየር ሲሳብ ልብ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል። ካርል ሉድቪግ ይህን በ1847 በመሣሪያ መዝግቦታል። ዋናው ምክንያት አእምሮ ግንድ ውስጥ ነው፦ የትንፋሽ ማዕከሉ ሳብ የሚል ትእዛዝ ሲልክ በአጠገቡ ያሉትን የቬገስ ነርቭ ሕዋሳት ለጊዜው ዝም ያሰኛቸዋል፤ ትንፋሽ ሲወጣ ይለቃቸዋል፣ እነርሱም ልብን ያዘገያሉ። በዚህ ላይ የሳንባ መወጠር የሚልከው ምልክት፣ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መጨመሩ፣ ባሮሪፍሌክስ (የደም ግፊትን ተከትሎ የልብ ምትን የሚያስተካክለው መልስ) እና የሳይነስ ኖድ (የልብ ምት የሚነሣበት ቦታ) መለጠጥ ይደመራሉ።

ሕመምተኛው በጥልቅ ተኝቶ ማሽኑ ብቻ ሲያስተነፍሰው የመጀመሪያውና ትልቁ ምክንያት ይጠፋል ወይም በእጅጉ ይደክማል፤ የትንፋሽ ማዕከሉ ዝም ብሏልና። የደረት ግፊቱ ደግሞ አቅጣጫ ይለውጣል። አየሩ ሲገፋ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ወደ ቀኝ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ በሳንባ ውስጥ የነበረው ደም ግን ተጨምቆ ወደ ግራ ልብ ይፈስሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ምቶች የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ የቀኝ ልብ እጥረት ከሁለት ሦስት ምት በኋላ ግራ ልብ ሲደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሹ ሲወጣ፣ ግፊቱ ይወርዳል። ባሮሪፍሌክሱ የሚከተለው ይህንን ነው፦ አየር ሲገባ ልብ ሊዘገይ፣ ሲወጣ ሊፈጥን ይችላል። ከተፈጥሮው የተገለበጠ ነው። በሞኒተሩ ላይ ኢሲጂውንና የካፕኖግራፉን (በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሳየውን) መስመር ጎን ለጎን አድርገው ለጥቂት ደቂቃ ቢያዩ አንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ ይህን በዓይንዎ ያገኙታል፤ ነገር ግን ካፕኖግራፉ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ስቦ የሚለካ ዓይነት ከሆነ ጥቂት ሰከንድ ስለሚዘገይ «ገባ፣ ወጣ» የሚለውን ከእርሱ አይወስኑ። ድግግሞሹ ትክክል ነው፣ ጊዜው ግን አይደለም። ጊዜውን ለመወሰን የቬንትሌተሩ የፍሎው (የአየር ፍሰት) መስመር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ። ነርቩ የተቆረጠበት የተተከለ ልብ እንኳ ከትንፋሽ ጋር በጥቂቱ ይወዛወዛል፣ ሳይነስ ኖዱ በመለጠጡ ብቻ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አርኤምኤስኤስዲው 4 ወይም 5 በሆነ በጥልቅ የተኛ ሕመምተኛ ላይ ይህ ትንሽ ነገር ከጠቅላላው ድርሻ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ደረጃ ያለ የኤችኤፍ ጫፍ «ቬገስ ሕያው ነው» ለማለት አያበቃም።

ታይዳል ቮልዩሙ ሲጨምር የግፊት መወዛወዙም፣ የልብ ምት ሞገዱም ያድጋል። ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር የነበረውን ወደ 8 ያወጣ ሰው የኤችኤፍ መጨመርን ለሕመምተኛው መሻል ምስክር ሊያደርገው አይገባም። (ኪሎው በቁመት የሚሰላው ነው እንጂ ሚዛኑ ላይ ያለው አይደለም።) ደሙ የጎደለ ሰው ላይ ደግሞ ወጥመዱ የባሰ ነው። ከፍ ባለ ግፊት እየተነፈሰ ሳለ ደም ሲጎድለው የደም ግፊቱ ከትንፋሽ ጋር አብዝቶ ይወዛወዛል። የቬገስ ነርቩ መልስ ገና ካልጠፋ ልብም ይህን መወዛወዝ ሊከተል፣ ኤችኤፍም ሊያድግ ይችላል፤ የሚያነበው ሰው «ተሻለው» ሲል ሕመምተኛው እየደማ ሊሆን ይችላል። የአርተሪ መስመር ካለ ሁለቱን አብረው ይመልከቱ። የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ላይ ይህን ማስታወስ ግዴታ ነው።

ፒፕ በሌላ በኩል ይመጣል። ከ5 ወደ 12 ወይም 15 ሲወጣ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ ሲምፓቴቲኩ ለማካካስ ይነሣል፣ ልብ ይፈጥናል። ልብ ሲፈጥን በሚሊሰከንድ የሚለካ ተለዋዋጭነት ሁሉ በሂሳብ ብቻ እንኳ ይቀንሳል፤ ርቀቱ ራሱ አጥሯልና። በ60 ምት 30 ሚሊሰከንድ የሆነ ኤስዲኤንኤን (የአር-አር ርቀቶች ከአማካያቸው የሚለያዩበት መጠን) ከአማካይ ርቀቱ 3 በመቶ ነው። በ120 ምት 15 ሚሊሰከንድም ያው 3 በመቶ ነው። የልብ ምቱ ፍጥነት በጣም ተለያይቶ ሳለ የተወሰዱ ቁጥሮችን ሲያወዳድሩ ለአማካይ የአር-አር ርቀት ማካፈል ቀላሉ ማስተካከያ ነው። ሁሉንም አያቃናም፤ ግን ትልቁን ስሕተት ያስወግዳል።

የአተነፋፈስ ሞዱ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። በአሲስት ኮንትሮል ሕመምተኛው ራሱ የሚቀሰቅሰው ትንፋሽ ካለ፣ የትንፋሽ ማዕከሉ ነቅቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኤችኤፍ የነርቩና የማሽኑ ድምር ነው፣ ሁለቱም በተቃራኒ አቅጣጫ ሊጎትቱ ይችላሉ። በኤስአይኤምቪ ሞድ ሁለት ዓይነት ትንፋሽ (የማሽኑና የሕመምተኛው) ስላለ ሁለት ጫፍ ማየት የተለመደ ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ማሽኑ ሳይሰማው የሚቀር ጥረት ነው። ማሽኑ 18 ትንፋሽ ብሎ ይጽፋል፤ ሕመምተኛው ግን 30 ጊዜ ለመሳብ ሞክሯል። በተለይ አየር ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሳንባው በሚነፋ ሰው፣ አስም ወይም ሲኦፒዲ (ሥር የሰደደ የአየር መተላለፊያ መጥበብ) ባለበት፣ የፕሬዠር ሰፖርቱም (ሕመምተኛው ሲስብ ማሽኑ የሚያግዝበት ግፊት) ከፍ ባለ ጊዜ ይህ ይበዛል። የሚታወቀው በፍሎው መስመሩ ላይ ነው፦ ትንፋሽ እየወጣ ሳለ ወደ ታች የወረደው መስመር መሐል ላይ ድንገት ወደ ዜሮው ብቅ ብሎ ይመለሳል፣ ግን ትንፋሽ አይከተለውም። በእንዲህ ያለ ሰው ስፔክትረሙ ላይ በ0.3 አንድ ጫፍ፣ በ0.5 ሌላ ጫፍ ቢመጣ የመጀመሪያው የማሽኑ፣ ሁለተኛው የራሱ ነው። መፍትሔው ስሌቱን ማስተካከል ሳይሆን ቬንትሌተሩን ማስተካከል ነው።

ፈጣን ትንፋሽ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ። አንደኛው የክልሉ ማብቂያ ነው፤ ከ24 በላይ የሚተነፍስ ሰው ሞገዱ ከ0.4 ኸርዝ ያልፋል፣ ፕሮግራሙም አይቆጥረውም። ሁለተኛው ይበልጥ የተደበቀ ነው። ልብ ሞገዱን የሚያሳየን በየምቱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከልብ ምት ግማሽ በላይ የፈጠነ ትንፋሽ በትክክለኛ ቦታው ሊታይ አይችልም፤ ዝግ ያለ መስሎ ሌላ ቦታ ይወጣል። ለምሳሌ ኤአርዲኤስ (ከባድ የሳንባ ጉዳት) ያለበት ሕመምተኛ በትንሽ ቮልዩም በደቂቃ 28 ይተነፍሳል፤ ዴክስሜዴቶሚዲን በተባለው ማስተኛ መድኃኒት ልቡ 50 ሆኗል። የ50 ግማሽ 25 ነው፣ 28 ከዚያ በላይ ነው። ሞገዱ ከ50 ላይ 28 ሲቀነስ በሚገኘው በ22 ትንፋሽ ቦታ፣ ማለትም 0.367 ኸርዝ ላይ፣ ንጹሕ የኤችኤፍ ጫፍ መስሎ ቁጭ ይላል። በሰከንድ 10 ጊዜ በሚያወዛውዘው ከፍተኛ ድግግሞሽ ቬንትሌተር ላይ ያለ ሕፃን ስፔክትረም ውስጥ የማሽኑን ሞገድ መፈለግ ከዚሁ የተነሣ ከንቱ ነው። ጨቅላ ሕፃናትን በተመለከተ በአጠቃላይ የአዋቂውን ክልል አይጠቀሙ፤ በደቂቃ 60 የሚተነፍስ ሕፃን ሞገዱ 1 ኸርዝ ላይ ነው።

ስለ አለካኩ። ከሞኒተሩ ላይ የሚነበበው የልብ ምት ቁጥር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የበርካታ ሰከንዶች አማካይ ስለሆነ የትንፋሹን ሞገድ ጠፍጥፎታል። የፐልስ ኦክሲሜትሩም ሞገድ ምትክ አይሆንም፦ ምቱ ከልብ ተነሥቶ ጣት እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ራሱ ከትንፋሽ ጋር ይለዋወጣል፣ ማሽን ላይ ባለ ሰው ደግሞ ይበልጥ፤ ስለዚህ ልብ ላይ የሌለ የኤችኤፍ ሞገድ ይጨምራል። የሚያስፈልገው የኢሲጂው ጥሬ ሞገድ ነው። በሰከንድ 250 ናሙና የሚወስድ መሣሪያ በየ4 ሚሊሰከንዱ ያያል ማለት ነው፤ አርኤምኤስኤስዲው 5 የሆነ ሕመምተኛ ላይ ስሕተቱ ለሚለካው ነገር ይቀርባል። 500 ይሻላል፣ 1000 ከተገኘ እሰየው። የአር ጫፉ ረጅምና ሹል የሆነበትን ሊድ ይምረጡ።

የቬንትሌተር ለውጥ ከተደረገ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ለውጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚነካ ከሆነ፣ እንደ እርስዎ ሁኔታ፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅዎ ትክክል ነበር። ሳክሽን (አክታ መምጠጥ) ከተደረገ፣ ሕመምተኛው ከተገላበጠ ወይም የመድኃኒት ቦለስ ከተሰጠ ሩብ ሰዓት ይለፍ። ከዚያ ሳይነኩ 5 ደቂቃ ይቅረጹ፣ የፍሎው ወይም የካፕኖግራፉ ሞገድ በዚያው ሰዓት አብሮ ይቀረጽ። በኢሲጂው ገመድ በኩል የደረት እንቅስቃሴን የሚቆጥረው የሞኒተሩ የትንፋሽ ቁጥር አንዳንዴ የልብን ትርታ ትንፋሽ ብሎ ስለሚቆጥር በእርሱ አይተማመኑ። ቬንትሌተሩ በየተወሰነ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ የሚሰጥ ቅንብር ካለው ለዚያ 5 ደቂቃ ያጥፉት፤ አንድ ትልቅ ትንፋሽ የሚያመጣው መወዛወዝ መላውን ክፍል ያበላሻል።

ያልተጠሩ (ያለ ቦታቸው የሚመጡ) ምቶችን ማጽዳት ላይ አይቸኩሉ። ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ይታይ፦ በ75 ምት 5 ደቂቃ 375 ምት ነው። አርኤምኤስኤስዲው 10 በሆነ ሰው ላይ አንዲት ምት ቀድማ በ500 ሚሊሰከንድ ትምጣ፣ ቀጥሎ የ1100 ዕረፍት ይከተል። በዚህች አንዲት ምት ብቻ አርኤምኤስኤስዲው ከ10 ወደ 39 ይዘላል። ፕሮግራሙ «በራሱ ያስተካክላል» ቢልም የአር-አር መስመሩን በዓይን ሳያዩ ቁጥር አይውሰዱ። መስተካከል ያለባቸው ምቶች ከመቶ 5 በላይ ከሆኑ ያን ክፍል ጥለው ሌላ ይቅረጹ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ካለ፣ ወይም ፔስሜከር እየመታ ከሆነ፣ ጨርሶ አይለኩ፤ የሚወጣው ቁጥር ስለ ነርቭ ምንም አይልም።

መድኃኒቶቹን ባጭሩ፦ አትሮፒን የቬገስን ድርሻ ያጠፋል፤ ለጥቂት ሰዓታት ያለውን ቁጥር አይጠቀሙ፣ ከኒዮስቲግሚን ጋር የተሰጠውም ጭምር። ፕሮፖፎልና ሚዳዞላም ጠቅላላውን ተለዋዋጭነት ይቀንሳሉ። ዴክስሜዴቶሚዲን ሲምፓቴቲኩን አስታግሶ ልብን ያዘገያል። ቤታ ብሎከር፣ ኖርአድሬናሊን፣ ኬታሚን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ምልክት ይተዋሉ። ቬኩሮኒየም በራሱ ቬገስን ብዙም አይነካም፣ ነገር ግን የሕመምተኛውን የራሱን ጥረት ስለሚያቆም ትንፋሹን ንጹሕ የማሽን ትንፋሽ ያደርገዋል። ለረጅም ጊዜ ስኳር የቆየበት ሰው ቬገሱ ቀድሞ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ዝቅተኛ ቁጥሩን ለዛሬው ሕመም አይቁጠሩት።

እንግዲህ ወደ ሕመምተኛዎ። በመጀመሪያ ስሌቱን በዚያው ቀረጻ ላይ ይድገሙት፤ የክልሎቹን ድንበር ከትንፋሹ ጋር ያዛውሩ። በ8 ትንፋሽ የትንፋሹ ክልል ከ0.10 እስከ 0.17፣ ኤልኤፍ ከ0.04 እስከ 0.10 ይሁን። በ12 ትንፋሽ ለተወሰደው ቀረጻም ከ0.17 እስከ 0.23 የትንፋሹ ክልል አድርገው የኤልኤፉን ድንበር በሁለቱም ላይ እኩል 0.10 ላይ ይተዉት። አሁን ሁለቱን ያወዳድሩ። የትንፋሹ ክልል ኃይል ተቀራራቢ ከሆነ ወይም ጥቂት ካደገ፣ ኤልኤፉም ካልተነሣ፣ ሬሾው የድንበር ጉዳይ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለ፦ ትንፋሹ ወደ 6 ቢወርድ 0.1 ኸርዝ ላይ ስለሚያርፍ ከደም ግፊት የ10 ሰከንድ ሞገድ ጋር ይዋሐዳል፣ ምንም ዓይነት ድንበር አይለያቸውም። በነገራችን ላይ በስኳር ሕመምተኞች ላይ የነርቭ ጉዳትን ለመፈተን በደቂቃ 6 ጊዜ በጥልቀት ተንፍሱ የሚባለው በዚህ ፍጥነት የልብ ምት መወዛወዙ ስለሚገን ነው፤ ለፈተናው የሚጠቅመው ነገር ለሬሾው ጠንቅ ነው።

ማስተኛው በቂ መሆን አለመሆኑን በአልጋው አጠገብ ይወስኑ፦ ራስ (RASS) በሚባለው የእንቅልፍ ጥልቀት መለኪያ፣ በሕመም መለኪያ፣ ከቬንትሌተሩ ጋር በመጋጨቱ፣ በፊቱ፣ በእንባና በላብ፣ በልብ ምቱና በደም ግፊቱ። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ካልተሰጣቸው እነዚህ ይናገራሉ። የልብ ምታቸው 75 ላይ ጸንቷል፣ ግፊታቸውም አልተለወጠም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ሲምፓቴቲኩ በእርግጥ ሊነሣ ይችላል፣ ግን ቢነሣ ኖሮ ከእነዚህ አንዱ ይነቀነቅ ነበር። ያለ ምክንያት የተጨመረ ፕሮፖፎል የሚያስከትለውን ያውቁታል፦ ግፊት ይወርዳል፣ ኖርአድሬናሊን ይጀመራል፣ ከማሽን የመላቀቂያው ቀን ይራቃል።

ያ ቀን ሲመጣም ይኸው ወጥመድ በሌላ መልክ ይጠብቃል። ፕሬዠር ሰፖርቱ ወደ 5 ወይም 8 ሲወርድ፣ ወይም በቲ-ፒስ (ማሽኑ ሳያግዝ በቱቦው ብቻ በመተንፈስ) ሲሞከሩ፣ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይጨምራል፣ ግራ ልብ የሚገፋው ሸክም ይከብዳል። ሙከራውን የሚወድቁ ሕመምተኞች ላይ ተለዋዋጭነቱ መቀነሱ የታወቀ ነው። ነገር ግን የሚወድቀው ሰው የሚተነፍሰው እንዴት ነው? በደቂቃ 35፣ በ250 ሚሊ ሊትር። 35 ትንፋሽ 0.58 ኸርዝ ነው፤ ከኤችኤፍ ክልል ውጪ። ስለዚህ «ኤችኤፍ ጠፋ» የሚለው በከፊል «ትንፋሹ ከ24 አለፈ» ማለት ነው፣ እርሱን ደግሞ ቆሞ የሚቆጥር ነርስ ቀድሞ ያውቀዋል። ትንፋሹን በሊትር ለተጻፈው ቮልዩም ሲያካፍሉት 140 ይመጣል፤ ከ105 በላይ መሆኑ ብቻውን ሙከራውን ለማቆም ያስጠነቅቃል። ቱቦ ለማውጣት በኤችአርቪ አይወስኑ። መመዝገብ ከፈለጉ ሙከራው ሳይጀመር 5 ደቂቃ፣ ሙከራው በተጀመረ በ10ኛው ደቂቃና በ30ኛው ይቅረጹ፣ የላይኛውን ድንበር ከሕመምተኛው ትንፋሽ በላይ እስከ ልብ ምቱ ግማሽ ድረስ ይክፈቱት።

ቱቦው ወጥቶ ሌሊት ሲፓፕ (በጭምብል የማያቋርጥ የአየር ግፊት የሚሰጥ መሣሪያ) ካስፈለጋቸው የቁጥሩ ትርጉም እንደገና ይገለበጣል። የእንቅልፍ አፕኒያ (በእንቅልፍ ትንፋሽ መቆም) ያለበት ሰው ትንፋሹ ሲቆም ልቡ ይዘገያል፣ ነቅቶ ሲተነፍስ ይፈጥናል፤ ይህ ከ25 እስከ 100 ሰከንድ በሚደርስ ዑደት ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ኤስዲኤንኤኑን ያብጠዋል። ሲፓፑ አፕኒያውን ሲያቆም ያ ዑደት ይጠፋል፣ ኤስዲኤንኤኑም ይወርዳል። ጠዋት ላይ ቁጥሩ ቀንሶ ቢያገኙት ጭምብሉን አያውልቁ፤ ከኤስዲኤንኤኑ ይልቅ የሌሊቱን የኦክሲጅን መስመር ይክፈቱ፣ መስመሩ ከተስተካከለ ሕክምናው እየሠራ ነው።